ጋሽ ብሩሽ እጃቸውን እንዴት እንዳሳረፉ

ጋሽ ብሩሽ በዚያ ቀን ወደ መድኃኒት ቤቱ የገቡት የእጅ ቅባት ሊገዙ እንጂ ክርክር ሊገጥሙ አልነበረም። ግን እሳቸው በሄዱበት ክርክር መቼ ይጠፋል! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤት ከፍተው ሰው ሲያነሡ፣ ፊልም ሲያጥቡ፣ የተበላሸ ሲጠግኑ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ከሸሚዛቸው ኪስ አንዲት ቀጭን ብሩሽ ስለማትጠፋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሽ ብሩሽ ይላቸዋል፤ ዋና ስማቸውን የሚያውቅ ከተገኘ ወይ ዘመድ ነው ወይ ቀብረር ያለ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ፎቶ ቤቱን ከዘጉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሥራውን ግን አልዘጉትም፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የምሳ ሰዓት ስለ ነበር መድኃኒት ቤቱ ጭር ብሏል። ፋርማሲስቷ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ረጋ ያለች ሴት፣ የራሷን ላፕቶፕ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ከፍታ ዳቦዋን ትገምጣለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ደግሞ ቅባቱ አለቀ?»

«አለቀ እኮ ልጄ! ማን እንደሚበላው እንጃ።»

«በአንድ ወር ውስጥ ይህ ሦስተኛው ነው።» ቅባቱን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠቻቸው። ጋሽ ብሩሽ በቀኝ እጃቸው ተቀበሉት፤ ተቀበሉትና ጠብ አለ። በግራቸው አንሥተው ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፋርማሲስቷ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትታለል አልነበረችም።

«ጣቶችዎ ይደነዝዛሉ እንዴ?»

«አውራ ጣቴና ሁለቱ ጎረቤቶቹ። ጠዋት ስነሣ የሌላ ሰው ጣት ተበድሬ ያደርኩ ነው የሚመስለኝ።»

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ምን ይላል! የእጅ አንጓዎ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጨምቋል፣ እጅዎን ካላሳረፉ ስሜቱ ጨርሶ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገናም አይመልሰው አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አያሳርፉትም?»

«ሥራ አለብኛ!» አሉ ቱግ ብለው። ከዚያ የመቆጣታቸው ነገር ራሳቸውን አሳፈራቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዷት። ከእርጥበት የተረፉትን የፎቶ ቤቱን ፊልሞች የመጨረሻ ልጃቸው ከማግባቷ በፊት አንድ በአንድ ስካን አድርጋ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣላቸዋለች፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሰው። የተነሡት ሰዎች እያረጁ፣ እያለፉ ነው። ልጆቻቸው በር እያንኳኩ «የአባታችን ፎቶ እርስዎ ጋ ይገኝ ይሆን?» ይላሉ። ፎቶው ይገኛል፤ ግን አቧራ የሞላው፣ የጠመመ፣ የደበዘዘ ነው። ስለዚህ ጋሽ ብሩሽ ጠዋት ተቀምጠው እስኪመሽ ማውስ ይዘው በእጃቸው እያንዳንዷን ነጥብ ያጠፋሉ። ባለቤታቸው ለምነው፣ ተቆጥተው፣ አልቅሰው አልሆን ሲላቸው ባለፈው ሳምንት ማውሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ካልሲ ስር ደብቀውባቸው ነበር። ሁለት ቀን ተኳርፈው ነው የሰነበቱት።

«እስከ ዛሬ ስንቱን ጨረሱ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ሰባ ሦስት!» አሉ ኮራ ብለው።

«በስንት ጊዜ?»

«በስምንት ወር።»

ልጅቷ ዳቦዋን መልሳ አንሥታ በልቧ አሰላችና «ጋሼ፣ በዚህ ዓይነት የቀረው አሥራ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ያኔ ሰማንያ አራት ይሞላዎታል» አለቻቸው።

ጋሽ ብሩሽ ይህን ሒሳብ ሠርተውት አያውቁም ነበር። ሊሠሩት ፈርተው ነበር ብንል ሐሜት አይሆንብንም። ልባቸው ድንግጥ አለ፤ ግን የደነገጠ ሽማግሌ ምን ያደርጋል፣ ነገር ይቀይራል! ዓይናቸውን ወደ ላፕቶፑ ወረወሩ። ስክሪኑ ላይ የሰማይ ፎቶ ተከፈተ፤ ጠሞ የነበረው ቀጥ አለ፣ ጠርዙ ተቆረጠ፣ ቀን ተጻፈበት፣ ተዘጋ። ሌላ ተከፈተ። የልጅቷ ሁለት እጅ ያለው ዳቦው ላይ ነው።

«ይሄን ማነው የሚነካው?»

«ማንም። ስክሪፕት ነው ጋሼ። መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ይህን፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ ብዬ ለኮምፒውተሩ የጻፍኩለት ትእዛዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጣሪያችን ላይ ቆሜ ደመና ፎቶ አነሣለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ደመና? ደመና ምን ይሠራልሻል?»

«ምንም። ደስ ይለኛል።»

ይህን መልስ ጋሽ ብሩሽ ወደዱት፤ እንደ ወደዱት ግን አላሳዩም። «ደስ ካለሽማ በእጅሽ ሥሪው! የወደዱትን ነገር ለማሽን አሳልፎ መስጠት ምን የሚሉት ፍቅር ነው? የዘመኑ ሰው ስንፍናውን ስም አውጥቶ ያቆላምጠዋል።»

«ስንፍናም አለበት፣ አልዋሽዎትም» አለች እየሳቀች። «ግን ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በእጄ ነበር የማስተካክለው። ስቆም ካሜራው ትንሽ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን አድማስ ቀጥ ማድረግ አለብኝ። አንድ ቀን ሃምሳ ፎቶ አስተካክዬ ስጨርስ ደመናው ምን ይመስል እንደ ነበር አንዱንም አላስታውሰውም። መስመር ብቻ ሳይ ነበር የዋልኩት። ከዚያ ወዲያ ካሜራውን ማንሣት አስጠላኝ። ስክሪፕቱን የጻፍኩት ደመናዬን እንዳልጠላው ብዬ ነው።»

ጋሽ ብሩሽ የሰባ ሦስቱን ሰዎች ፊት በየተራ ለማስታወስ ሞከሩ። የመጡላቸው ነጥቦቹ ናቸው።

ቢሆንም እጅ አልሰጡም። «እሺ፣ ለዚህ ስንት ይከፈልሻል?»

«ማን ይከፍለኛል! እንደ እኔ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጽፉ ብዙ ሰዎች አሉ። አንዷ አስተማሪ ናት፣ የተማሪዎቿን ሥዕል ፎቶ እያነሣች በአንድ ልክ ታደርጋለች። አንዱ ሹፌር ነው፣ ጢንዚዛ ነው የሚያነሣው። የጻፍነውን እንለዋወጣለን። እኔ የጻፍኩት የማላውቀውን ሰው ድካም ሲቀንስ ስሰማ እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ አንዳንዴ የአንድ ሰዓት ሥራ ለማቃለል ሦስት ሳምንት አጠፋለሁ።»

ጋሽ ብሩሽ ከት ብለው ሳቁ። «በይ እንግዲህ! የአንድ ሰዓት ሥራ በሦስት ሳምንት! ታዲያ ብልጠቱ የቱ ጋ ነው?»

«ብልጠቱማ፣ ጋሼ፣ ማሽን እንደ ሰው በጥቅሻ አይገባውም። አንድ ነገር ለማዘዝ እጄ የሚያደርገውን ነገር መጀመሪያ እኔ ራሴ ማወቅ አለብኝ። እጄ ለምን ወደ ግራ ሄደ? ለምን እዚህ ጋ ቆመ? ስጽፈው ነው የሚገባኝ። ያ መግባቱ ነው የሚጥመኝ።» ከዚያ ቃሏን ለስለስ አድርጋ «ከፈቀዱልኝ እሑድ ቤትዎ መጥቼ በሃያ ፎቶ ብቻ እንሞክረው። ካልወደዱት እንተወዋለን» አለች።

«ፊት የሰው ነው፣ ደመና አይደለም» አሉ ጋሽ ብሩሽ ቅባታቸውን አንሥተው። በሩ ጋ ደርሰው ግን ዞር ብለው «ከሰዓት በኋላ ይሻላል» አሉ።

እሑድ ፋርማሲስቷ ስትመጣ ባለቤታቸው በሩን በርግደው ከፈቱላት። «ግቢ ልጄ ግቢ! ይህን ሰውዬ ከዚያ ወንበር ከነቀልሽልኝ ዕድሜ ልኬን እመርቅሻለሁ» አሉና ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ፤ ነገሩ እስኪያልቅ ላይነሡ ቆርጠዋል።

ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችው የሠሯቸው ሰባ ሦስት ፎቶዎች ዋና ቅጂ የት እንዳለ ነበር።

«የምን ቅጂ? ይሄው እነሱ ናቸው።»

«ያልተነኩት ማለቴ ነው። ከመሥራትዎ በፊት የነበሩት።»

«እነሱን ነዋ የሠራኋቸው!»

ፋርማሲስቷ በደንብ ደነገጠች። «ጋሼ! በዋናው ላይ ነው የሚያስቀምጡት?»

ጋሽ ብሩሽ የምትደነግጥበት ምክንያት አልገባቸውም። በእሳቸው ሙያ ፊት የሚታረምበት እርሳስ የሚያርፈው በፊልሙ ላይ ነው፤ ፊልም ደግሞ አንድ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመደ እጅ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥም በዋናው ላይ ሠርቶ በዋናው ላይ ዘጋ። እጃቸው በደነዘዘበት ቀን የአንድ ሰውዬ ግማሽ ቅንድብ ጠፍቶ መቅረቱን፣ መመለሻ ማጣታቸውን ያኔ ነው ቀስ ብለው የተናገሩት። ባለቤታቸው «እግዜር ያሳይህ!» አሉ።

«ፊልሙ ስላለ እሱን ደግመን ስካን እናደርገዋለን» አለች ልጅቷ አጽናንታ። «ስክሪፕቱ ግን ዋናውን ጨርሶ አይነካም። ግልባጭ አውጥቶ በግልባጩ ላይ ነው የሚሠራው። ብንሳሳት እንደገና ነው፤ ማንም አይጎዳም።»

ከዚያ አስጀመረችው። ሃያው ፎቶ ዳቦ ተቆርሶ እስኪበላ እንኳ አልፈጀም። ጠርዙ ተቆርጧል፣ ጠማማው ቀንቷል፣ የደበዘዘው ጠርቷል፣ አቧራው ብን ብሎ ጠፍቷል። ባለቤታቸው አጨበጨቡ። ጋሽ ብሩሽ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩ፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው… ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ወንበራቸውን ገፍተው ብድግ አሉ።

«አላልኩም? አላልኩም! ይህቺ ሴት ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ነበራት። የት ሄደ? የሴትዮዋን ፊት አጠፋሽው እኮ! ልጆቿ መጥተው እናታችንን ይስጡን ሲሉኝ ይህችን ነው የምሰጣቸው? ዝጊው! ዝጊው ብያለሁ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ላፕቶፑን ሰብስቦ ይሄድ ነበር። ፋርማሲስቷ ግን ፊቷ ቀላ ብሎ «ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ነጥብ ሁሉ አቧራ መስሎኝ ነው ያዘዝኩት። ያላወቅኩትን እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ? እስቲ እርስዎ ያስረዱኝ። አቧራን ከምልክት በምን ይለዩታል?»

«በምን ይባላል? ያስታውቃላ!»

«በምን ያስታውቃል?»

«በዓይን!»

«ዓይንዎ ምን አይቶ?»

ጋሽ ብሩሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉት። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። ቀስ ብለው ተቀመጡና ያልተነካውን ዋናውን አስከፍተው አተኩረው አዩት።

«አቧራ…» አሉ፣ «አቧራ ፊልም ላይ ተቀምጦ ብርሃን ይከለክላል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ምልክት ግን የሰውየው ነውና ጥቁር ነው።»

«ነጭና ጥቁር» ስትል ጻፈች። «ሌላስ?»

«የአቧራ ጠርዙ ቁርጥ ያለ ነው። የቆዳ ምልክት ግን ዳር ዳሩ ይሟሟል፣ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ደግሞ… ፊልሙ ሲጫር ጥቁር መስመር ያወጣል። እሱ አደገኛ ነው፤ ፊት ላይ ከወደቀ ሽብሽብ ይመስላል። እሱን ማሽንሽ አይለየውም። እኔም ራሴ ሁለቴ ነው የማየው።»

«እንዲያ ከሆነ ፊት ላይ ጥቁር ነገር ሲያገኝ እጁን ሰብስቦ ፎቶውን ለብቻ ያስቀምጥልዎት። ‹ለጋሼ› የሚል ማኅደር እከፍትለታለሁ። የሚያጠራጥረው ሁሉ ወደ እርስዎ ይምጣ።»

ጋሽ ብሩሽ ቀና ብለው አይዋት። ማሽን ለእሳቸው «ይህን አላውቅም፣ እርስዎ ይዩት» ሊላቸው ነው ማለት ነው? ከሰውም ቢሆን እንዲህ ያለ አክብሮት ስንቴ አገኙ! ያቺ ከሰዓት ደግሞ የተደበቀ ነገር የምታወጣ ሆና ነው መሰል፣ ሳይጠየቁ ሌላም ተናገሩ።

«ስለ ፊት ስቆጣ አየሽኝ አይደል? ድሮ አንዲት ሙሽራ እንዲሁ ጉንጯ ላይ ምልክት ነበራት። እኔ ላሳምራት ብዬ ሳልጠይቃት ፊልሙ ላይ በእርሳስ አጠፋሁት። እናትየዋ ፎቶውን አይተው ‹ይህቺ የማን ልጅ ናት?› አሉ። ልጅቷ ፊቴ ቆማ አለቀሰች። መመለስ አልቻልኩም። እጅም ያጠፋል ልጄ፤ የእጅ ጥፋት ደግሞ ግልባጭ የለውም።»

ባለቤታቸው «በሉ ይህንንም ጻፉት» አሉና ሁሉም ሳቁ።

እስኪመሽ ድረስ እሳቸው እየተናገሩ እሷ እየጻፈች ዋሉ። ጀርባው ጥቁር ከሆነ ምን ያህል ማጥራት እንደሚገባ፤ የሕፃን ፊት ለምን እንደ አዋቂ እንደማይደምቅ፤ ነጭ የለበሰ ሰው ለምን ለብቻው እንደሚታይ። ጋሽ ብሩሽ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ እንደሚያውቁት ግን አያውቁም ነበር። ሙያቸውን አብሯቸው የሚቀበር ነገር አድርገው ነበር የቆጠሩት። አሁን አንድ በአንድ ከአፋቸው እየወጣ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከእሳቸው በኋላ ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ ሲሰፍር አዩት። ደረታቸው ላይ የኖረ አንድ ከባድ ነገር ቀለል አላቸው።

በሁለተኛው እሑድ ስክሪፕቱ ተስተካክሎ መጣ። መጀመሪያ ያቺ ሴት ተሞከረች፤ ምልክቷ ከነለዛው ጉንጯ ላይ ቁጭ ብሏል። ከዚያ እንደገና ስካን ከተደረጉት ሰባ ሦስቱ ጋር ሁሉም ተለቀቀ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ስምንቱ ጸድተው ወጡ፤ አንድ መቶ አሥራ ሁለቱ ‹ለጋሼ› በሚለው ማኅደር ተቀመጡ። ጋሽ ብሩሽ ቁጥሩን ሲሰሙ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና በረጅሙ ተነፈሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም።

«ተገላገልኩ» አሉ። «ልጄ፣ ተገላገልኩ እኮ!»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እንናገር፤ ሳይነገር የሚቀር ጥቅም የሌለ ያህል ነውና። ጋሽ ብሩሽ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ከማኅደራቸው አንዱን ፊት ይሠራሉ፤ የቀረውን ሰዓት እጃቸው ያርፋል። በሁለተኛው ወር ሐኪሙ ጣታቸውን በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርግ «ኧረ ያማል!» ብለው ጮኹ፤ ሐኪሙም ታካሚ ሲያመው እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም አላቸው። በር የሚያንኳኩ ልጆች የአባታቸውን ፎቶ በዕለቱ ይዘው ይሄዳሉ። ዋናው ሳይነካ ይኖራል። የእሳቸውን ሙያ የያዘውን ስክሪፕት ፋርማሲስቷ በፈቃዳቸው ለጓደኞቿ አካፍላው፣ ሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ጡረተኛ ፎቶ አንሺ «ነጩንና ጥቁሩን ያስለየኝን ሰው እግዜር ይስጠው» ብሎ ጽፎላቸዋል። ያንን ደብዳቤ ለጎረቤት ሁሉ አንብበዋል፤ ለአንዳንዱ ሁለቴ።

ስንፍና ነው ብሎ የሚያሾፍ ሲመጣም ዛሬ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። «ሰው ስክሪፕት የሚጽፈው ሥራ ስለሚጠላ እንዳይመስልህ። የሚወደውን ሥራ ከማይወደው ሥራ ለይቶ ለማውጣት ነው። እኔ ነጥብ ሳጠፋ ሰው ማየት ትቼ ነበር። አሁን አያለሁ» ይላሉ።

ከማኅደራቸው እጃቸው ያገኘውን እየከፈቱ ሃያኛው ላይ በደረሱ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ብቅ አለች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ አስራለች፤ ከከንፈሯ ጥግ ወደ አገጯ ቀጭን ጥቁር ጭረት ወርዷል። ቁጥሯ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አራት ነው። ልጃቸው ፊልሞቹን ስካን ያደረገችው እንደ መጣላት ስለ ነበር ተራቸው የተዘበራረቀ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከአንድ ጀምሮ በቁጥር ካልሆነ አይሠሩም ነበር። በድሮው አካሄድ እዚህች ሴት ጋ የሚደርሱት ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። ጋሽ ብሩሽ ማውሱን ለቀው ተጣሩ።

«አንቺ! ነይ እስቲ! ቶሎ ነይ!»

ባለቤታቸው እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ መጡ፤ አዩና ፎጣውን ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ውይ! የመታወቂያዬ ፎቶ… ያን ቀን እኮ ነው መጀመሪያ ያየሁህ። ‹ፈገግ አትበዪ› አልከኝ፣ ቁጣህ! እኔ ደግሞ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ስትዞር ነው የሳቅሁት።»

«እየሳቅሽ እንደ ነበር በካሜራው አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ብሩሽ። «ዝም ያልኩሽ ደስ ብሎኝ ነው።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ሳትነግረኝ?»

«መች ጊዜ ነበረኝ!»

ባለቤታቸው ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። «ይህን ጭረት በዚያ በማሽኑ እንዳታስነካው፣ አፌ ይጠምብኛል።»

«አይነካውም። ይህ የእጅ ነው» አሉና ሥራቸውን ጀመሩ። ጣታቸው አልደነዘዘም፤ እያንዳንዷን ንክኪ ይሰማቸዋል። ከአገጯ ጀምረው ወደ ከንፈሯ ጥግ እየወጡ ሄዱ። ፊቷን ደህና አድርገው አዩት፤ ከከንፈሯ ጥግ የተያዘች ሳቅ አለች። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

«ይህቺን ብቻ ጨርሳትና» አሉ ባለቤታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ለምነው።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ብሩሽ፤ ኮምፒውተሩን ዘግተው እጃቸውን ባለቤታቸው እጅ ላይ አኖሩ። «የቀረውን ነገ።»